መሄጃው የሚረዝም፣ መመለሻው የሚያጥር

ሐምሌ 14

እማዬ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ዋሽንግተን ልትበር ነው። እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ልትወልድ ደርሳለች፤ እናት የሌለበት አራስ ቤት ምን ይባላል ተብሎ ቲኬት ተቆረጠ። ቲኬቱን ሳነብላት ግን አንድ ነገር አልዋጥላት አለ። «መሄጃው 17 ሰዓት፣ መመለሻው 13? ያው መንገድ አይደለም እንዴ?»

ያው መንገድ ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ ዳለስ በአጭሩ የአየር መስመር ወደ 11,550 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ስትመለስም እንደዚያው ነው፤ ጧት ከዳለስ ተነስታ በማግስቱ ጧት የትም ሳያርፉ ቦሌ። ስትሄድ ነው ለነዳጅ መንገድ ላይ የሚቆመው።

ጣጣው የኛው ከተማ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጧል፤ ዳለስ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ የሚደገፍበትም ሞተሩ የሚስበውም ያንሳል። ሰውና ጭነት ሞልቶ፣ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅም ጠጥቶ ከዚህ መነሳት ይከብደዋል። ሯጮቻችንን ያበረታ አየር ለአውሮፕላን ዕዳ ሆኖ አረፈው። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና መሃል ላይ ይሞላል፤ ከዓመታት በፊት ሮም፣ ኋላ ደግሞ ደብሊን ነበር። በዚያ ላይ ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

ነፋሱን ብዙም አልሰማችኝም። ክብደቱ ግን ወዲያው ገባት፤ ሰሞኑን ከሚዛኑ ጋር ግብግብ ላይ ናት። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ ሽሮው፣ በርበሬው፣ የገንፎው ዱቄት፣ በሶው። «እሱም እንደኔ ቀንሶ ነው የሚሄድ በለኛ!» አለችና በርበሬውን እንደገና ከፈተችው።

ሰዓቱ ነው ያስቸገረን። ቲኬቱ ላይ መነሻው 22፡30፣ መድረሻው 8፡30 ይላል፤ ጎረቤታችን ቀንሰው «አሥር ሰዓት ናት፣ እትዬ፣ ምንም አይደል» ብለዋት ሄዱ። በክረምት ዋሽንግተን ከኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ነው። ስታርፍ በእጇ ሰዓት ከቀኑ 9፡30 ይሆናል፤ እዚያ ግን ገና ጧት ነው፣ እኛ 2፡30 የምንለው። ይኼን ያህል የምጨነቀው ለደም ግፊት ክኒኗ ነው። ሐኪሟን ጠየቅናቸው፤ በጉዞው ላይ በአዲስ አበባ ሰዓት ዋጪ፣ ከደረስሽ በኋላ ቀስ በቀስ ታዛውሪዋለሽ አሏት። እኔም በትልልቁ ጽፌ ፓስፖርቷ ውስጥ ከተትኩላት፤ የእጅ ሰዓቷን እስክትደርስ እንዳትነካውም አስጠነቀቅኳት።

የቀረን የተሽከርካሪ ወንበሩ ነገር ነው። ዳለስ የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ ረጅም ነው፣ ቋንቋውም አለ፤ ወንበር የሚገፋ ሰው ከተመደበላት እስከ ሻንጣው ድረስ ያደርሳታል። «እኔ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በእግሬ ወጥቼ የምወርድ ሴት በወንበር ልገፋ?» ብላ ተቆጣች። እህቴ ዛሬ ማታ ደውላ ልታባብላት ነው። እኔማ ሳልነግራት አስመዝግቤያለሁ።