ሦስተኛው ተጫራች

ጊዜው ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ድረ ገጽ እንሠራለን። ሦስት ነን። ሥራውን የጀመረው ጋሼ፣ እኔ፣ እና ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቀች ገና አራት ወሯ የሆነች ልጅ። ደንበኞቻችን በአብዛኛው ትንንሽ ሆቴሎች፣ አስጎብኚዎችና መኪና አከራዮች ናቸው።

አንድ ጠዋት እትዬ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። ከፋሲል ግንብ ብዙም የማይርቅ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ስምንት ክፍል ናት። ልጆቻቸውን ያሳደጉባት፣ ያስተማሩባት ቤት።

«ልጄ፣ አንድ አስጎብኚ ደውሎልኝ፣ የእናንተን ስም ስነካው የሌላ ሰው ማስታወቂያ ነው የሚመጣው አለኝ። ምን ማለቱ ነው?»

ከፈትኩት። እውነቱን ነው። የግቢው ፎቶ የለም፣ የክፍሎቹ ዋጋ የለም። በምትኩ የሆቴል ማስታወቂያዎች ተደርድረዋል። ከላይ ደግሞ «ይህ ስም ለጨረታ ቀርቧል» የሚል ጽሑፍ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድረ ገጽ ስም፣ ማለትም ዶሜይን፣ አንዴ ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በዓመት ይታደሳል። የእትዬን ድረ ገጽ ከስድስት ዓመት በፊት የሠራላቸው ልጅ ስሙን ያስመዘገበው በራሱ ኢሜይል ነበር። ልጁ ከተማ ቀይሯል፣ ያንን ኢሜይልም መክፈት ትቷል። «ጊዜው እያለቀ ነው፣ አድሱ» የሚሉት ማስታወሻዎች ሁሉ እዚያ ተከማችተው ቀሩ። በዶት ኮም (.com) የሚያልቅ ስም ጊዜው ካለፈ በኋላም ወዲያው አይወሰድም። አስመዝጋቢው ድርጅት እስከ 45 ቀን ድረስ ሊታገስ ይችላል። ቀጥሎም ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ ስሙን ማስመለስ የሚቻልበት 30 ቀን አለ። ከዚያ 5 ቀን ይጠበቅና ስሙ ነፃ ይወጣል። ክረምት ነበር፣ እንግዳ የለም፣ ማንም ልብ አላለም። ስሙ ጥቅምት ላይ ነፃ ሲወጣ አንድ የማናውቀው ሰው አነሳው። ያኔ እንዲህ ዓይነት ስም አስመዝግቦ ለመያዝ 10 ዶላር ገደማ ይበቃ ነበር።

እኔን ያስደነገጠኝ ከገጹ ይልቅ ኢሜይሉ ነው። የክፍል ጥያቄ የሚመጣበት አድራሻ በዚሁ ስም ላይ የቆመ ነው። ስሙን የያዘ ሰው ቢፈልግ ደብዳቤውንም መቀበል ይችላል። ጥምቀት ደግሞ ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም። ለጎንደር የእንግዳ ማረፊያ ጥምቀት ምን እንደሆነ የከተማው ሰው ያውቀዋል። ስምንቱም ክፍል ሞልቶ፣ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ የሚነጠፍበት ሳምንት ነው።

እዚህ ላይ ትልቁን ስህተቴን ሠራሁ። ጨረታው ከተከፈተ ሁለት ቀኑ ነበር። መነሻ ዋጋው 60 ዶላር፣ የሚቆየው ሰባት ቀን። እኛ ገብተን 90 ላይ እየመራን ነበር። ቢሆንም ጭንቀቱ አላስቀምጥ አለኝና ለሻጩ ቀጥታ ኢሜይል ጻፍኩ። ስሙ የአንዲት እናት የእንግዳ ማረፊያ መሆኑን፣ በዓል እየደረሰ መሆኑን፣ እንግዶች በዚያ አድራሻ እንደሚጽፉ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩለት። ያዝንልናል ብዬ ነው። በሦስት መስመር መለሰ። «ጨረታው በሥርዓቱ ይቀጥላል። መልካም ዕድል።»

በማግስቱ ሦስተኛው ተጫራች መጣ።

እስከዚያ ድረስ ሁለት ነበርን። ሌላው ተጫራች 85 ዶላር ድረስ ሄዶ ትቶታል። የጨረታው አሠራር ልትከፍል የምትችለውን ከፍተኛ ዋጋ በምስጢር ማስገባት ነው። ገጹ ስለ አንተ ሆኖ ይጫረታል፤ የሚያስከፍልህ ግን ከተከታይህ በአንድ እርከን ከፍ ያለውን ብቻ ነው። እኔ ያስገባሁት 200 ነበር። ሁለተኛው ተጫራች 85 ላይ ስለቆመ ዋጋው 90 ላይ አረፈ። ልብ በሉ፤ የምትከፍለውን የሚወስነው ከኋላህ ያለው ሰው ነው።

ሦስተኛው ተጫራች 100 አለ። የእኔ 110 ሆነ። 120 አለ፣ 130 ሆነ። እንዲህ እያለ 200 ላይ ደረሰ። የእኔ ጣሪያ ይኸው ነውና ቀድሜ ስላስገባሁ እኔው እየመራሁ ቀረሁ። እሱ እዚያው ቆመ። ቀኑን ሙሉ ዝም።

ፈራሁ። በመጨረሻው ደቂቃ ተመልሶ ይወስደዋል ብዬ ለእትዬ ደወልኩ። አሜሪካ ያለው የባለቤታቸው ወንድም በካርዱ እንዲከፍል ነበር የተስማማነው። «ስሙ የኛ ነው፣ አትተወው» አሉኝ። ጣሪያዬን 320 አደረግሁት። ያን ሰሞን ዶላር በባንክ 28 ብር ገደማ ነበር። ወደ 9 ሺህ ብር መሆኑ ነው።

ማታውኑ ሦስተኛው ተጫራች እንደገና መቁጠር ጀመረ። 210፣ 230፣ 250... 320 ላይ ደርሶ ትንሽ ቆመ። ከዚያ 330 ብሎ መሪነቱን ወሰደ።

የመጨረሻው ቀን ማታ ሦስታችንም ቢሮ አመሸን። መብራት ሄዶ በስልክ ኢንተርኔት ላይ ነን። ጨረታው ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ዋጋ ከገባ ሰዓቱ በአምስት ደቂቃ ይራዘማል። ስለዚህ ቀድሞ መቁረጥ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ እስኪተው ይቀጥላል። 400 ጽፌ «አስገባ» የሚለውን ልነካ ስል ልጅቷ እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ፣ አታስገባ። መጀመሪያ ይሄን እይ።»

የጨረታውን ዝርዝር በደብተር ገልብጣዋለች። እያንዳንዱን ዋጋና ሰዓት። ሦስተኛው ተጫራች በየ20 እና 30 ሰከንዱ ነበር የሚያስገባው። አንድ እርከን፣ ሌላ እርከን፣ ሌላ እርከን።

«የምር የሚገዛ ሰው የሚችለውን ጣሪያ አስገብቶ ይሄዳል። ይሄ ሰውዬ ደረጃ እየቆጠረ የአንተን ጣሪያ ነው የሚፈልገው። ሲያገኘው ይቆማል። ከፍ ስታደርገው ይመለሳል።»

ጋሼ አንገቱን ነቀነቀ። «ጀማሪም እንዲህ ያደርጋል እኮ» አለ። ልክ ነው። ደረጃ በደረጃ የሚጫረት ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። እኔም መጀመሪያ ጊዜ እንደዚያው ነበር ያደረግሁት። ልጅቷ ግን ሌላም ነገር ይዛለች። ጨረታው ለእያንዳንዱ ተጫራች የማይለወጥ መለያ ይሰጣል። የሻጩን ያለቁ ጨረታዎች ከፍታ አንድ በአንድ አይታለች። ከዘጠኙ በስድስቱ ይኸው መለያ አለ። አምስቱን ተሸንፏል፣ ሁሌም በአንድ እርከን። አንዱን አሸንፏል። ያ ያሸነፈው ስም ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ሻጭ እንደገና ለጨረታ ወጥቷል።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ሦስተኛው ተጫራች በ330 አሸነፈ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሰው ስም ይዤ በጥርጣሬ ጣልኩት የሚል ሐሳብ ሲያብሰለስለኝ አደርኩ። ጠዋት ለእትዬ ልነግራቸው ሄድኩ። ቡና እያፈሉ ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝና ብዙም አልገረማቸው።

«ይሄማ የበግ ተራ ሥራ ነው። አንተ በጉን ስትዳብስ አንዱ ከጎን መጥቶ እኔ መቶ ብር እጨምራለሁ ይላል። የሻጩ ወንድም ነው። ትተህ ስትሄድ ከኋላህ ይጠሩሃል።»

እውነትም ጠሩን። በሁለተኛው ቀን ኢሜይል መጣ። አሸናፊው አልከፈለም፣ ስለዚህ ባለፈው ዋጋችሁ በ320 ዶላር መውሰድ ትችላላችሁ ይላል። ኢሜይሉ ደግ ይመስላል፤ ዕድል የሚሰጥ ይመስላል። ግን አስቡት። ያ ሰው ካልከፈለና ገዢ ካልነበረ የእሱ ዋጋ ሁሉ መሰረዝ አለበት። እሱ ሲወጣ ከእኛ ቀጥሎ የሚቀረው 85 ዶላር ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የእኛ ዋጋ 90 ነበር። በ320 እና በ90 መካከል ያለው 230 ዶላር፣ በወቅቱ 6,440 ብር፣ እኛ ከራሳችን ጋር የተጫረትንበት ገንዘብ ነው።

እምቢ ለማለት ድፍረት የሰጠን አንድ ነገር ነበር። በዚያው ቀን በስሙ ላይ «ጎንደር» የሚል ቃል ጨምረን አዲስ ዶት ኮም በ12 ዶላር አስመዘገብን። ገጹን እዚያ ላይ ሰቀልነው። ለአስጎብኚዎቹ ሁሉ ደወልን፣ ለቀድሞ እንግዶችም አዲሱን ኢሜይል ላክን። አማራጩን ከያዝን በኋላ ልባችን ተረጋጋ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ። እጅህ ላይ ሌላ ነገር ሳትይዝ ጨረታ መግባት የሚያስፈራ ነገር ነው።

ጋሼ በፍርድ መንገድ እንሂድ ወይ ብሎ ጠየቀ። በዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል የዶሜይን ክርክር ይታያል። ግን በአንድ ዳኛ እንኳ ማመልከቻው 1,500 ዶላር ነው፣ የንግድ ምልክት መብትም ማሳየት ይጠይቃል። ለስምንት ክፍል ቤት አይሆንም።

ስለዚህ ለጨረታው ድርጅት ጻፍን። ስድብ የለም፣ «ሌባ» የሚል ቃል የለም። ልጅቷ የሠራችውን ሰንጠረዥ አያያዝን። ሰዓት፣ ዋጋ፣ መለያ፣ የስድስቱ ጨረታዎች ሊንክ፣ ስክሪንሹት፣ እና ያ በ320 ውሰዱት የሚል ኢሜይል። የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፦ መለያው ይመርመር፣ ዋጋው እሱ በሌለበት ይሰላ።

ደብዳቤውን ስናዘጋጅ ስለ ጉዳዩ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ስናፕኔምስ የተባለው የአሜሪካ የዶሜይን ጨረታ ድርጅት ራሱ በይፋ አምኗል። አንድ የገዛ ሠራተኛው ከ2005 ጀምሮ «ሃልቫሬዝ» በሚል ስም እየገባ በድርጅቱ ጨረታዎች ላይ ሲጫረት ኖሯል። ሌሎቹ ተጫራቾች ስሙን ያውቁት ነበር፤ ሀብታም ገዢ ይመስላቸው ነበር። ድርጅቱ በእሱ ምክንያት ከፍ ብለው ለከፈሉ ሰዎች ልዩነቱን ከ5.22 በመቶ ወለድ ጋር እመልሳለሁ አለ። ይህን ሳነብ ያ ሁሉ የሌሊት ጭንቀቴ ቀለል አለኝ። ጥርጣሬያችን ከንቱ ቅዠት አልነበረም። ስንት ዓመት በዚህ ሙያ የኖሩ ሰዎችም እንዲሁ ተታለዋል። ድርጅቱ ስሌቱን የሠራው እኛ በጠየቅነው መንገድ መሆኑም ደስ አለኝ። ያኛውን አውጣው፣ ልዩነቱን መልስ።

መልሱ በስድስተኛው ቀን መጣ። አጭር ነው። መለያው ታግዷል፣ የጨረታው ውጤት ተሰርዟል። ከማን ጋር እንደሚገናኝ አልነገሩንም።

ከሳምንት በኋላ ስሙ እንደገና ወጣ። በ60 ዶላር። ሻጩም ምን ያድርገው? የጎንደር ስምንት ክፍል ቤት ስም ከባለቤቱ ሌላ ማን ይፈልገዋል? በዚህኛው ጊዜ ለማንም አልጻፍንም። ከእትዬ ጋር ተቀምጠን ጣሪያችንን 150 ብለን ተስማማን። ወረቀት ላይ ጻፍነው፣ ጋሼ ኪሱ ውስጥ አስገባው። ቀኑን ሙሉ ጠብቀን ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው አንዴ ብቻ አስገባን። ሌላ አንድ ተጫራች መጣ፣ 70 ድረስ ሄደና ቆመ። በ75 ዶላር የእኛ ሆነ።

ገንዘቡ በዚያው ምሽት ከአሜሪካ ተከፈለ። ስሙ በእትዬ ስምና ኢሜይል ተመዘገበ። ዶት ኮም በአንድ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ አይያዝም፤ የባለቤታቸው ወንድም አሥሩንም ዓመት ሞላው። ልጅቷ የሚያልቅበትን ቀን በትልልቅ ቁጥር ጽፋ የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

እኔ በእግሬ ወጥቼ ልነግራቸው ሄድኩ። ታኅሣሥ ነው፣ ብርዱ ይቆነጥጣል። እትዬ በር ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል።

«ስንት ወጣ?»

«75 ዶላር።»

«ያኛው ሰውዬስ? 330 ድረስ የሄደው? መጣ?»

«አልመጣም፣ እትዬ።»

«በ60 ሲሸጥ?»

«በ60ም አልመጣም።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉና በሩን ከፈቱልኝ።