በአንቀጽ 17 ላይ የተነሣው ክርክር

ዛሬ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ በ1881 ዓ.ም. ስለተፈረመው የውጫሌ ውል እያስተማርሁ ሳለ፣ ሁለት ተማሪዎቼ በአንቀጽ 17 ላይ የጀመሩት ክርክር ወደ ጠብ ሊያመራ ተቃርቦ ነበር። ልጁ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ የተለያየው በትርጉም ስሕተት ነው ሲል፣ ልጅቷ ሆን ተብሎ የተሠራ ማታለል ነው ብላ አጥብቃ ሞገተችው፤ በዚህ መሐል ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ልጁን «ባንዳ» ብሎ ሰደበው።

ቀድሞ ቢሆን ጠረጴዛ እመታ ነበር። ዛሬ ግን ጠመኔዬን አስቀምጬ፣ ክፍሉ ጸጥ እስኪል ዝም አልሁ። ከዚያም ድምፄን ዝቅ አድርጌ የሁለቱን ጽሑፎች ፍሬ ነገር በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፍሁ፤ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን አጋዥነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ ጣሊያንኛው ይህንኑ ግዴታ አድርጎታል። ተከራካሪዎቹም መልስ ከመስጠታቸው በፊት፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ ጠየቅኋቸው። ልጁ የእርሷን መከራከሪያ ሲያስረዳ ድምፁ እየለዘበ ሄደ፤ እርሷም «አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» አለች።

የተሳደበውን ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ላሳፍረው አልፈለግሁም። ከደወሉ በኋላ ለብቻው አነጋገርሁት፤ ነገ ጠዋት ይቅርታ እንደሚጠይቅ ነግሮኛል።