ከአዳማ ወደ አሰላ፦ ዋግን ቀድሞ የሚደርስ ወሬ

የሚኒባሱ ረዳት «ሻንጣ ይከፈልበታል» ብሎ ከታሪፉ ላይ መቶ ብር ጨመረብኝ። ሻንጣዬ ጭኔ ላይ ነበር! ልሟገት ስል አጠገቤ የተቀመጡ አባት «ተወው ልጄ፣ መንገድ ላይ ጠብ አያምርም» አሉኝና ከፈልኩ። ንዴቴ የበረደው ኢተያን አልፈን ስንዴው ግራና ቀኝ ሲንጣለል ነው። አሰላ ደግሞ ሙቅ ውሃ አለው ብለው ያስከፈሉኝ ክፍል ጭራሽ ውሃ አልነበረውም፤ ብርዱም እንቅልፍ ነሳኝ።

በማግስቱ ቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አካባቢ ማሳቸውን የሚጎበኙ አንድ ገበሬ አገኘሁ። አንድ ቅጠል ቀጥፈው በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ጣታቸው እርድ የነካ መሰለ። ቢጫ ዋግ ነው፤ ብናኙ በነፋስ የሚዛመት የስንዴ በሽታ። እኔ ባደግሁበት ጎጃም ዋግ መግባቱ የሚታወቀው ማሳው ሙሉ ቢጫ ከለበሰ በኋላ ነበር። እሳቸው ግን የልማት ሠራተኛው ዋጉ እንደሚመጣ ቀድሞ ነግሯቸው አብዛኛውን መድኃኒት ረጭተዋል፤ ይቺ ዳር ላይ የቀረችው ናት።

ወሬው የመጣበት መንገድ አስደንቆኛል። ባለሙያዎች ማሳ ለማሳ ዞረው ያዩትን ይልካሉ፤ የእንግሊዝ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የነፋሱን ትንበያ ይሰጣል፤ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዋጉ ብናኝ ወዴት እንደሚነፍስ ያሰላሉ፤ የእኛ ተመራማሪዎችና ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከል ደግሞ ውጤቱን ለግብርና ባለሙያውና ለገበሬው ወደሚሆን ምክር ይለውጡታል። ገበሬው ራሱ 8028 ደውሎም በነፃ የግብርና ምክር ይሰማል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ወሬው መንገድ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ሲፈጀው፣ በ2013 ደግሞ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል የተባለውን ዲገሉ የተባለውን ዝርያ ሌላው የዋግ ዓይነት፣ የግንድ ዋግ፣ ሲመታው ያዩ ሰዎች ይህን ድካም ከንቱ አይሉትም።

ባለቤታቸው ጭኮ በአሬራ አቀረቡልን። እንዲያ ያለ ጭኮ በልቼ አላውቅም፤ ሌሊቱን ያንገላታኝን ብርድ አስረሳኝ። የገበሬውን ቅሬታ የሰማሁትም ያኔ ነው፦ «ወሬው ቶሎ ይመጣል፤ መድኃኒቱ ነው የሚዘገየው።» ልክ ናቸው። ያን ሁሉ ተመራማሪ ያስተባበረ አገር መድኃኒቱን ወቅቱን ጠብቆ ቀበሌ ማድረስ አያቅተውም፤ መድኃኒት ነጋዴውና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑም ከዝናቡ በፊት ከእነዚሁ ሰዎች ጋር መቀመጥ አለባቸው። ገበሬው ግን አልጠበቁም። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው ለከርሞ የሚሆን መርጫ ገዝተዋል፤ ጎተራው ጥግ፣ ገና ከነላስቲኩ አሳዩኝ።