ኢምፕላንትና ቀይ ብርሃን፦ ልኩ ስንት ነው?

ባሕር ዳር ላይ የጥርስ ኢምፕላንት (በመንጋጋ አጥንት ውስጥ እንደ ብሎን የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) የሚያስተክሉ ሰዎች «አጥንቱ ቶሎ እንዲይዝ ሌዘር ይረዳል?» ይላሉ። የሌዘሩ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ630 እስከ 850 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ወይም ታሕተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ነው፤ ጥርስ ሲሞላ የሚበራው ሰማያዊ መብራት ለዚህ አይሆንም።

የብርሃኑ ልክ ስሌት ቀላል ነው፦ 100 ሚሊዋት በ40 ሴኮንድ 4 ጁል (የኃይል መጠን) ይሰጣል። መሣሪያው ላይ የተጻፈውን ግን ዝም ብሎ ማመን አይገባም፤ ጫፉ ሲቆሽሽ ወይም ከድዱ ሲርቅ የሚደርሰው ይቀንሳል፤ በኃይል መለኪያ ይፈተሽ። ማብዛቱም አይበጅም፤ ከልክ ያለፈ ብርሃን የሴሎቹን ሥራ ያዳክማል። መነጽሩም (ይህ የሚረሳ ነው!) ለዚያው ሞገድ የተሠራ ይሁን፣ ለታካሚውም ጭምር።

በእንስሳት ላይ ውጤቱ ደኅና ነው፤ በሰው ላይ ግን ወጥ አይደለም። ሲተከል የላላ ኢምፕላንት በብርሃን አይጠብቅም። ከዘጌ በጀልባ ለሚመላለስ ታካሚ ቀጠሮ ከማብዛት ይልቅ አጥንቱ እስኪይዝ ለታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ ለላይኛው እስከ 6 ወር እንዲታገሥ፣ ሲጋራ እንዲተውና ስኳሩን እንዲቆጣጠር መንገር ይሻላል።