ከኡጂና ወደብ እስከ ሲንጋፖር፦ የሂሮሺማ ተማሪዎችን የሰላም ጉዞ ያዘጋጀንበት መንገድ

በጃፓን ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ለጥቂት ቀናት የሚያደርጉት የትምህርት ጉዞ ከሜይጂ ዘመን (ከ1868 እስከ 1912) ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ሰላም ለማስተማር ልጆቻቸውን ወደ ሂሮሺማ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ለከፍተኛ ትምህርት ወደዚያች ከተማ ሄጄ በኋላ በረዳት መምህርነት የተቀጠርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ተማሪዎቹን የሚልከው ወደ ሲንጋፖር ነበር። ዝግጅቱ ለአንዲት የታሪክ መምህርትና ለእኔ ሲሰጠን በእቅዱ ላይ የሰፈረው ዓላማ «ሰላምና የባህል ልውውጥ» የሚል ብቻ ነበር፤ እንዴት እንደሚፈጸም የሚናገር ነገር አልነበረውም።

የሂሮሺማ ልጆች ስለ ነሐሴ 6 ቀን 1945 (በዚህ ጽሑፍ የጃፓንና የሲንጋፖር ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይማራሉ፤ በዚያ ቀን ከተማዋ ላይ ከተጣለው የአቶሚክ ቦምብ የተረፉ አረጋውያንን አዳምጠዋል፣ የሰላም ምልክት የሆነውን የወረቀት ሽመላ አጣጥፈዋል። በአንጻሩ ስለ የካቲት 15 ቀን 1942 ስንጠይቃቸው አብዛኞቹ ምንም ማለት አልቻሉም። ያ ቀን ሲንጋፖር በጃፓን ጦር እጅ የወደቀችበት ነው። ወራሪው ጦር ለሦስት ዓመት ተኩል የከተማዋን ስም ለውጦ፣ ሰዓቷን ሳይቀር በቶኪዮ ሰዓት አስተካክሎ ገዛት፤ ከየካቲት 18 ጀምሮም ቻይናውያን ወንዶችን እየለየ ወደ ባሕር ዳርቻና ወደ ሌሎች ቦታዎች በመውሰድ ፈጃቸው። የሟቾቹ ቁጥር ከአምስት ሺህ እስከ ሃምሳ ሺህ እየተባለ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ፍጅቱ የጀመረበትን የካቲት 18ን ወደ እኛ አቆጣጠር ብመልሰው የካቲት 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ሆነ፤ በስድስት ኪሎ ሐውልት የቆመላቸው ሰማዕታት ከረገፉ ልክ አምስት ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ሥራውን ከደመወዝ በላይ ያከበድኩት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

የታሪክ መምህርቷ ያቀረበችው ሐሳብ የሁሉ ነገር መሠረት ሆነ፤ ጉዞው ከአውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን እዚያው ሂሮሺማ ካለው የኡጂና ወደብ ይጀመር አለች። ሂሮሺማ ከ1894ቱ የጃፓንና የቻይና ጦርነት ጀምሮ ወታደር በመርከብ የሚጫንባት ከተማ ነበረች፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ጦርነት ወቅት ጠቅላይ መምሪያውን ያዛወረበት ሕንፃ መሠረት በሂሮሺማ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ እስከ አሁን ይታያል። ያማሺታ ቶሞዩኪ እየመራው ማላያን አቋርጦ ሲንጋፖርን በያዘው 25ኛ ሠራዊት ውስጥ ከነበሩት አንዱ መቀመጫው ሂሮሺማ የነበረው 5ኛ ክፍለ ጦር ነው። ስለዚህ ከጉዞው ወራት ቀደም ብለን ተማሪዎቹን በእግር ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ ወደቡ ወሰድናቸው። ቤቱ ኡጂና የሆነ አንድ ልጅ በየቀኑ የሚያልፍበት ሰፈር በዚህ ታሪክ ውስጥ መኖሩን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ማስታወሻ ሲጽፍ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ከእኛ ይልቅ ጓደኞቹን የሚያስጠናው እሱ ሆነ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ብዙው ጥያቄ ስለ ገንዘብ ነበር። የየን ዋጋ በመውደቁ ቤተሰቦች በየወሩ ሲያጠራቅሙት የቆዩት ክፍያ ሊበቃ አልቻለም፤ እኛም የአንድ ምሽት መዝናኛ ሰርዘን አቻቻልነው። አንድ አባት ግን «ልጆቻችን ባላደረጉት ነገር አንገታቸውን እንዲደፉ ነው የምትወስዷቸው?» ብለው ጠየቁ። መምህርቷ ልጆቹ እንዲያፍሩ ሳይሆን በእድሜ እኩዮቻቸው ፊት ስለ ታሪኩ ምንም የማያውቁ ሆነው እንዳይቆሙ መሆኑን በትሕትና አስረዳች። ሰውየው አልተስማሙም፤ ልጃቸውን ግን ላኩ።

የጉዞ ወኪሉ ያዘጋጀው መርሐ ግብር የጦርነቱን ሰለባዎች መታሰቢያ ጉብኝት በመጨረሻው ቀን፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሄዳችን በፊት ባለው ሰዓት ላይ አስገብቶት ነበር። እኛ ቅደም ተከተሉን እንዲለውጥ አደረግን። በመጀመሪያው ቀን የአገሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልጆቹን በትንንሽ ቡድን ከፋፍለው ቻይናታውን፣ ሊትል ኢንዲያና ካምፖንግ ግላም የተባሉትን ሰፈሮች አስጎበኟቸው፤ አብረው በሉ፣ በባቡር ተሳፈሩ፣ መንገድም ጠፋባቸው። በማግስቱ እነዚያው ወጣቶች አብረዋቸው የእንግሊዙ አዛዥ ፐርሲቫል እጁን የሰጠበትን የቀድሞውን የፎርድ ፋብሪካ አዩ፤ ከዚያም በ1967 ወደ ተመረቀው የሲቪል ሰለባዎች መታሰቢያ ሄዱ። ወደ 70 ሜትር የሚጠጉት አራት ዓምዶች የአገሪቱን ሕዝቦች የሚወክሉ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ከየጅምላ መቃብሩ የወጣው አፅም ያረፈው ከዓምዶቹ ሥር ነው።

ከዚያ በኋላ በነበረው ውይይት አንዲት የሲንጋፖር ተማሪ፣ ቅድመ አያቷ የቦምቡን ወሬ የሰሙት በወረራው ዘመን የነበረው ረሃብ ማብቂያ እንደሆነ አድርገው መሆኑን ተናገረች። ከሂሮሺማ ልጆች መካከል በዚያው ቦምብ ዘመድ ያጡ ነበሩ። በቅድመ ዝግጅታችን ከሁሉ በላይ ያለማመድናቸው ነገር የሚያምም ንግግር ሲሰሙ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እንዲጠይቁ ነበርና፣ አንዷ ልጃችን ድምጿ እየተንቀጠቀጠ «ቅድመ አያትሽ በእነዚያ ዓመታት ምን ይበሉ ነበር?» አለቻት። ስለ ካሳቫና ስለ ስኳር ድንች የተጀመረው ወሬ የእኛዋን ልጅ የራሷን ቤተሰብ ታሪክ እስከመናገር አደረሳት፤ የሲንጋፖር ተማሪዎቹም በጸጥታ አዳመጧት።

ባህል መለዋወጥ የሚባለውን በተመለከተ፣ በመድረክ የሚቀርብ ጭፈራና የብሩሽ ጽሕፈት ትርኢት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል ባይ ነኝ፤ አንዱ ያሳያል፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ ከዚያ ይለያያሉ። አብሮ መንገድ መፈለግ ከዚያ የተሻለ ያቀራርባል። ለውይይቱ የመደብነው አንድ ሰዓት ግን ጨርሶ አልበቃም፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት ተጓዦች የዓሣ ማሳያውን ጉብኝት ትተን ግማሽ ቀን ሰጠነው፤ በኡጂና የሚደረገውን የእግር ጉዞም የሚመሩት ከሲንጋፖር የተመለሱት ተማሪዎች እንዲሆኑ ወሰንን።