ጅማ ላይ በሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ጥናት ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ ፈቃዱ ላይ ተጠንቀቁ

ፕሮፖዛል መጻፉና አድቫይዘር ማሳመኑ ያው የታወቀ ነው። መጠይቁን ወደ አፋን ኦሮሞ አስተርጉሙ። ከዴዶ ወይ ከሰቃ የመጣ አስታማሚ አማርኛውን ሳይገባው ይፈርምላችኋል፣ እሱ ደግሞ ስምምነት አይደለም።

የኔ ርዕስ ተቃጥለው፣ ወድቀው ወይም መርዝ ጠጥተው ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ልጆች ነበር። የትኛው አደጋ ነው፣ የትኛው ሰው ያደረሰው ነው፣ ልጁስ ታክሞ ሲወጣ ወደማን ይሄዳል?

ያንገበገበኝ የፈቃዱ ነገር ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ኃላፊ ፕሮፖዛሌን ገለጥ ገለጥ አደረጉና "ወላጅ ወይም በፍርድ ቤት የተሾመ ሞግዚት ካልፈረመ አይሆንም፣ ማስረጃውም ይያያዝ" አሉኝ። እንዴ! ለትምህርት ተብላ ከገጠር መጥታ አክስቷ ጋር ለምትኖር ልጅ ማነው ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትነት የሚያወጣው?

በዚያው ሰሞን ማታ በባጃጅ አንዲት ልጅ መጣች። በሃይላንድ የተቀመጠ ላምባ ውሃ መስሏት ጠጥታለች። አፏ ላምባ ላምባ ይላል፣ ታስላለች፣ ትንፋሿ ይፈጥናል። ቤት ወተት ግተው ሊያስመልሷት ሞክረዋል፤ ላምባ የጠጣን ልጅ ማስመለስ ደግሞ ክልክል ነው፣ ሲወጣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ኦክስጅን ተደርጎላት ረጋ ስትል ክንዷን አየሁት። ክብ ክብ የሆኑ፣ መጠናቸው እኩል የሆነ የቆዩ ጠባሳዎች። "የእህቴ ልጅ ናት" ያለችው ሴትዮ "ቡና ስታፈላ ፈሶባት ነው" አለችኝ። የፈሰሰ ቡና ወደ ታች ይወርዳል፣ ጠባሳውም ዝርክርክ ነው፤ እንደ ማኅተም አያትምም።

እንግዲህ በኃላፊው ሕግ ይቺ ልጅ ወረቀት ስለሌላት ጥናቱ ውስጥ የለችም። ወረቀት ቢኖርስ? ፈራሚዋ ራሷ ተጠርጣሪዋ ናት! የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ይዤ ሄድኩ፣ የሕፃናት ደህንነት ይቀድማል የሚለውን። "እሱ ለፍርድ ቤት ነው" አሉኝ። አንቀጹ የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶችንም በስም ይጠራል፣ ግን ማን አንብቦ።

ሌላም አለ። የተሰጠኝ የስምምነት ቅጽ "መረጃው ለማንም አይገለጽም" ይላል። እኔ "ልጁ አደጋ ላይ ከሆነ ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን" የሚል ጨመርኩ። "ሰው ይፈራል" ተብሎ ተሰረዘ። እናንተ እሺ እንዳትሉ። ሚስጥር ነው ብላችሁ ካስፈረማችሁ በኋላ ጠባሳ ብታዩ ምን ልትሆኑ ነው?

መጨረሻ ላይ ከሕክምና ካርድ ላይ ብቻ እንድሠራ ተፈቀደልኝ። ካርዱ ላይ ልጁን ማን እንዳመጣው አልተጻፈም፣ "አስታማሚ" ይላል፣ በቃ። ስለዚህ ማን ስንት ፐርሰንት እንደተቃጠለ አውቃለሁ፣ ወደማን ቤት እንደተመለሰ ግን አላውቅም። እስካሁን ይቆጨኛል።

መጀመሪያ አስፈርሙ የሚለውን መመሪያም አልቀበለውም። የምትንቀጠቀጥ ወይም መተንፈስ ያቃታት ልጅ እናት ፊት ወረቀት አይዘረጋም። ልጅቷ ትረጋጋ፣ ከዚያ እናቲቱን ጠይቁ፣ እምቢ ካለችም ተዉአት።

ደግሞ ዳታ መሰብሰብ ሳትጀምሩ የሶሻል ወርከሩን፣ የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍሉን ስልክ ያዙና ቅዳሜ ማታ ደውላችሁ ሞክሩት። ለኔ የተሰጠኝ የቢሮ ስልክ ነበር፣ ከ11 ሰዓት በኋላ የሚያነሳው የለም።