እማዬ ያለበሰችው ሰውዬ

ባለፈው እሁድ ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ ኤልደን ሪንግን ከፈትኩ። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። እኔ ዋጋው እስኪቀንስ ስጠብቅ ኖሬ ነው።

መጀመሪያ ክላስ ምረጥ ይላል፤ የምትጫወትበት ሰው ዓይነት ማለት ነው። አስር አሉ። ሳሙራዩ ከነቀስቱ፣ ኮከብ ቆጣሪው ከነአስማቱ ተደርድረዋል። ዓይኔ «ሬች» የሚባለው ላይ አረፈ፤ መናጢ ደሃ እንደማለት ነው። ሌሎቹ ከሌቨል 5 እስከ 10 ካለው ሲነሱ እሱ ከ1 ይነሳል። ሀብቱ አንድ ቆመጥ ነው። ከታች የተነሳ ይሻላል ብዬ መረጥኩት።

ልብስ እንደሌለው ልብ ያልኩት እማዬ ረከቦቱን ልታነሳ ስትገባ ነው።

«በስመ አብ! ምንድነው ይሄ እርቃኑን የሚዞረው?»

«ደሃ ነው እማዬ።»

«ደሃ ቢሆንስ? አልብሰው እንጂ!»

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በዚህ ጌም ሌቨል የሚያድገውም፣ ዕቃ የሚገዛውም በአንድ ገንዘብ ነው፤ ሩን ይሉታል። ጉልበት ስትጨምር ልብሱ ይቀራል፣ ልብስ ስትገዛ ጉልበቱ። ይህን ያሰበ ሰው የወር ደሞዝተኛ መሆን አለበት።

እማዬ ቆማ እያየች ምን ላድርግ? ለጉልበት ያጠራቀምኩትን ይዤ ቃሌ የሚባል ነጋዴ ጋ ሄድኩ። ፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እሳት አንድዶ ይቀመጣል።

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የሚነግደው?» አለች፣ ሱቁን እኔ የከፈትኩት ይመስል አፍጥጣ።

ከራስ ቁር እስከ እግር ጥሩር ገዛሁለት። «ይኸው፣ አሁን ሰው መሰለ» ብላ ቁጭ አለች። እኔም ሞቅ አለኝ። በእያንዳንዱ እጅ ሦስት ሦስት መሣሪያ መያዝ ይቻላል። ትልቁን ሰይፍ፣ ጋሻውን፣ ከየሣጥኑ የለቀምኩትን ሁሉ ጫንኩበት። የሰርግ ዕቃ የጫነ አይሱዙ መሰለ።

ደጅ ስንወጣ ባለወርቅ ፈረሰኛ ጦሩን ይዞ ብቅ አለ።

«ውይ! ጊዮርጊስን መሰለኝ» ብላ እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

ጊዮርጊስ አልነበረም። በአንድ ምት ግማሽ ነፍሴን ወሰደ። ተንከባልዬ ላመልጥ ስል ሰውዬው ከመኪና እንደወረደ ኩንታል ዱብ አለ። ለካ ሸክሙ ከአቅሙ 70 በመቶ ሲያልፍ መንከባለሉ እንዲህ ነው! ቁጥሩ እኮ ዕቃ ስጭንበት እዚያው ፊቴ ነበር። ሞትኩ። የቀረችኝ ሩን የሞትኩበት ቦታ ወደቀች። እሷን ላነሳ ስሄድ እንደገና ሞትኩ፤ እንዲያ ሲሆን ደግሞ ለዘላለም ትጠፋለች።

ሦስተኛው ላይ ምርር አለኝ። ጥሩሩን አወለቅኩ፣ ሰይፉን ጣልኩ፣ ቆመጡን ብቻ አስያዝኩት። እማዬ ጮኸችና ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰውዬው እንደ ሎሚ እየተንከባለለ በፈረሱ እግር ስር ሾለከ።

ቆይታ ነጠላውን በአንድ ዓይኗ በኩል ገለጥ አደረገች።

«አመለጠ?»